የጽጌረዳው አንገት

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰፊዋ ጆሮዋን ትጥላለች። የስፌት መኪናዋን ታቆማለች፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ይቀራል። መጀመሪያ የእናቷ ክፍል በር ሲጢጥ ይላል። ቀጥሎ ከዘራው ሲሚንቶው ላይ ቋ፣ ቋ ይላል። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል፤ ሲሚንቶው አልቆ አፈሩ ጀምሯል ማለት ነው። በመጨረሻ የአጥሩ በር ማጠፊያ ይጮኻል። እናቷ ትራሷን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ማዶ ተሻገረች።

«ሄደች» ትላለች ሰፊዋ፣ ለማንም ሳይሆን፤ ፔዳሉንም ከሚገባው በላይ አጥብቃ ትረግጠዋለች።

ማዶ ማለት ሩቅ አገር አይደለም፤ የወንድሟ ግቢ ነው። አባታቸው ሲሞት ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ በመካከሉ የቆርቆሮ አጥር ተዘረጋ፤ እናትየው እንዳሻት እንድትመላለስም አጥሩ ላይ አንድ ትንሽ በር ተተወ። እናትየው የምትበላውም የምታድረውም ሴት ልጇ ዘንድ ነው። መድኃኒቷን በሰዓቱ የምታስውጣት፣ ጉልበቷን የምታሽላት፣ ስታስል ተነሥታ ውሃ የምታቀብላት ሰፊዋ ናት። ከሰዓት በኋላ ግን፣ ፀሐይዋ ለስለስ ስትል፣ እናትየው ትራሷን ይዛ ወደ ምራቷ ግቢ ትሻገርና ጽጌረዳዎቹ ፊት እስኪመሽ ትቀመጣለች።

የሰፊዋን አንጀት የሚያሳርረው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ጽጌረዳዎቹ።

ስድስቱንም እግር የተከላቸው አባቷ ነው። ፖስተኛ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደጃፍ ሲያንኳኳ ውሎ ሲመለስ የራሱን ደጃፍ የሚያሳምርበት ጉልበት አያጣም። ሲተክል ውሃ ያቀበለችው እሷ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ቆርቆሮው እየከበዳት ግማሹን ቀሚሷ ላይ እያፈሰሰችው። ወንድሟ ያኔ ኳስ ሲያባርር ነው የሚውለው። ሚስቱ ደግሞ ጭራሽ አልተወለደችም። አጥሩ ሲሠራ በመስመሩ መካከል አለፈና ሦስቱ ወዲህ፣ ሦስቱ ወዲያ ቀሩ።

አንድ ሰው ተክሏቸዋል። አንድ ዝናብ ይዘንብባቸዋል። አፈሩም አንድ ነው፤ ያው በክረምት ጫማ ከእግር የሚያወልቅ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ዋልካ። ብዙ ዓመት ወዲህም ወዲያም እኩል ሲኮሳመኑ፣ በዓመት ሁለት ሦስት አበባ ጣል ሲያደርጉ ኖሩ፤ ማንም በማንም አልቀናም። ወንድሟ ጸጉር ሠሪዋን ካገባ ወዲህ ግን የማዶዎቹ ሌላ ሆኑ። ቅጠላቸው ዘይት የተቀባ ይመስላል። ቀንበጣቸው ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ ወደ ሰፊዋ መስኮት ያያል። የእሷዎቹ እዚያው የድሮ ቦታቸው ላይ ኩርምት ብለው ቀርተዋል። ሰበብ የምታደርገው ነገር አጣች። አፈሩ ነው እንዳትል አፈሩ አንድ ነው፤ ዘሩ ነው እንዳትል ዘሩ አንድ ነው። የቀረችው ሴትየዋ ናት።

ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ «እታበባ» ነው የሚላት። ታላቅ እኅት ናትና ወግ ነው፤ አርባ ዓመት ሲጠራት ስሙ ውስጥ አበባ መኖሩን እንኳ ልብ ብላው አታውቅም ነበር። አሁን በአጥሩ በር ብቅ ብሎ «እታበባ፣ ደህና ዋልሽ?» ባለ ቁጥር የሚያሾፍባት ይመስላታል።

ደንበኞቿም አላረፉም። አንድ ቀን የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ለቀሚስ ልትለካ መጣች። ሰፊዋ እስፒሎቹን እንደ ልማዷ በከንፈሮቿ ነክሳ ወገቧን ስትለካ፣ ሴትዮዋ በመስኮቱ አሻግራ አየች።

«ውይ! ያ እንዴት ያለ ጽጌረዳ ነው? የጸጉር ሠሪዋ ነው አይደል?»

«እም» አለች ሰፊዋ፣ በእስፒሉ መካከል።

«እጇ እኮ የተባረከ ነው። የኔንም ጸጉር ከተነቀለበት ያበቀለችው እሷ ናት።»

«እም።»

«ያንቺዎቹ ምነው? ታመዋል እንዴ?»

ሜትሩ ደረቷ ላይ ደርሶ ነበር። ጠበቅ አለ።

«ኧረ በቀስታ! መተንፈሻ እንኳ ተዪልኝ እንጂ!»

ሰፊዋ እስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ወፍረሻል» አለች።

እርግጥ ሰፊዋ ጠበቅ ማድረግ ትወዳለች። በሰፈሩ የምትታወቀውም በዚህ ነው። የእሷ ኮሌታ አንገት ላይ ልክክ ይላል፤ የእሷ ስፌት አይዝረከረክም፤ የእሷን ቀሚስ የለበሰች ሴት ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፤ ብትፈልግም መጉበጥ አትችልም። ጸጉር ሠሪዋ የሰፈሩን ራስ ይዛለች፤ ሰፊዋ ከራስ በታች ያለውን። ድሮ በዚህ ይሳሳቁ ነበር። አሁን አይሳሳቁም።

ክረምት ሲገባ ሰፊዋ ቆርጣ ተነሣች። አካፋና ዶማ ተዋሰች፤ አሸዋም በኬሻ አስመጣች። ዋልካው የሚጣበቀው አሸዋ ስለሌለበት ነው ብላ ገምታለች፤ እንደ ሊጥ ከተቀላቀለለት የማይላላበት ምክንያት አልታያትም። ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ነበር። ጫማዋ እየተቀረቀረ፣ ዶማው በተነሣ ቁጥር ትፍ ትፍ የሚል ድምፅ እያሰማ፣ የጽጌረዳዎቹን ሥር ዙሪያውን ቆፈረች። የሚወጣው ጓል እንደ ተቆረጠ ሳሙና ያብረቀርቃል። ከጓሉ ጋር ክር የሚያህሉ ነጫጭ ሥሮች ተበጥሰው ይወጣሉ። እሷ ሥር መሆናቸውን አላሰበችም፤ ሣር መስለዋት እየለቀመች ጣለቻቸው።

ጸጉር ሠሪዋ ወደ ሥራ ስትወጣ በአጥሩ በር አየቻት።

«እትዬ፣ እርጥብ ነው እኮ!»

«አይቻለሁ።»

«ትንሽ ይጠንፈፍ ብዬ ነው። እርጥብ ጸጉር ሲበጠር ይበጣጠሳል፤ ዋልካም እንደሱ ነው። ጭራሽ ባይቆፈር ደግሞ…»

«አንቺ ጸጉርሽን አበጥሪ፣ እኔ አፈሬን ልቆፍር።»

ጸጉር ሠሪዋ ሳቅ ብላ ጃንጥላዋን ዘረጋችና ሄደች። ያ ሳቅ ሰፊዋን ሳምንት ሙሉ አቃጠላት። እውነትም ደግሞ ዝናቡ ቆም ብሎ ፀሐይ ሲወጣ አሸዋና ዋልካው ተያይዞ ደረቀ፤ ውሃ ብታፈስበት ላዩ ላይ ቆሞ ሰማይ ያሳይ ጀመር። ወንድሟ መጥቶ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«እታበባ፣ ግድግዳ ልታቆሚ ነው እንዴ? ይሄ እኮ ብሎኬት ነው!»

«ሂድ ከዚህ!»

«አይ፣ ጥሩ ነው። ሲበቃሽ ለኔም ትሸጪልኛለሽ።»

ጽጌረዳዎቹ ሥራቸው ተበጥሶ ደክመው ጎበጡ። ሰፊዋ ግን ማዶ ሄዳ «ምን አድርገሽ ነው?» ብላ መጠየቅ ሞት መሰላት። ለእናቷ፣ እራት ላይ፣ ነገሩን ከሌላ ነገር ጋር እንዳጋጣሚ አድርጋ ጣል አደረገችው።

«ምራትሽ ለዚያ አበባ ምን ታደርግለታለች?»

«ምን ታደርጋለች? ታለብሰዋለች።»

«ምኑን?»

«አፈሩን ነዋ! አፈሩን ታለብሰዋለች፤ ከዚያ ትተወዋለች» አለች እናትየው፤ ጎርሳ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች።

ሰፊዋ ግን እዚያችው ቃል ላይ ቀረች። ታለብሰዋለች! በዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ሙሽራውንም ተማሪውንም ስታለብስ የኖረችው ማን ሆና ነው? ጸጉሩን ትውሰድ፤ ወንድሟን ወስዳለች፤ ከሰዓት በኋላ እናቷን ወስዳለች፤ አሁን ደግሞ ማልበስን ወሰደች። በማግስቱ አጥሩ ላይ ባለች የምስማር ቀዳዳ አንድ ዓይኗን አድርጋ አየች። የጽጌረዳዎቹ ሥር ቡናማ ነገር ለብሷል። ምን እንደሆነ ከሩቅ አይለይም። ከጸጉር ቤቱ ጠርጋ የምታመጣው የሰው ጸጉር ነው የሚል ሐሳብ መጣላትና ትንሽ ደስ አላት፤ ይህን ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ልትነግራት አሰበች። ቆይታ ግን የእነዚያ ሁሉ ሴቶች ጸጉር እንኳ ለዚያች እየሠራ ነው ማለት መሆኑ ገባትና ደስታው ጠፋ።

«እኔ ደግሞ እንዴት እንደሚለበስ አሳያታለሁ» አለች።

ከአናጺው ቤት ዕለቱን የተጋዘ ሰጋቱራ በሁለት ኬሻ አመጣች። ገና ትኩስ ነው፤ የእንጨት ጠረኑ አፍንጫ ያነቃል። እንደ ልማዷ ሥራዋን ጀመረች። ሰጋቱራውን ከእያንዳንዱ ጽጌረዳ ሥር ከመረች፤ በመዳፏ ጠቀጠቀች፤ ከግንዱ ጋር አስጠጋች፤ ክፍተት ባየችበት ሁሉ ሞላች። መጀመሪያ ቅርንጫፍ እስከሚያወጣበት ድረስ ግንዱ ተሸፈነ። ጠርዙን በክር ለክታ ቀጥ አደረገች። ስትጨርስ ወደ ኋላ ብላ ተመለከተችው። ሦስቱም ባለ ኮሌታ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች መሰሏት፤ አንገታቸው ላይ ልክክ ያለ።

በዚያ ቀን በዘጠኝ ሰዓት እናቷ ከክፍሏ ወጥታ ቆም አለች። አዲሱን ነጭ ምንጣፍ አየች።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ያምራል።»

«እዚሁ ተቀመጪ እንግዲህ፣ እማዬ!»

ሰፊዋ ወንበር ይዛ ሮጠች። እናቷ በእሷ ግቢ ውስጥ፣ በእሷ ጽጌረዳዎች ፊት ተቀመጠች። ሰፊዋ ከደስታዋ ብዛት የምታደርገው ጠፋት። እናቷ ተሰላችታ እንዳትነሣባት ፈጥና የተማሪ ዩኒፎርም የሞላ ዘንቢል አመጣችና ከጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

«ይቺን ጠርዝ ፍቺልኝ እማዬ፣ እስከዚያ እንዳይደብርሽ።»

እናትየው ጠርዙን ፈታች። በማግስቱም ተቀመጠች፤ ጠርዝ ፈታች፤ ቁልፍ ተከለች። ሰፊዋ በመስኮት እያየች ታንጎራጉር ጀመር። በሦስተኛው ቀን የአጥሩ በር ማጠፊያ ጮኸ።

የእኔዎቹ ገና ስላላበቡ ነው፣ አለች ሰፊዋ በሆዷ። ባበቡ ጊዜ እናያለን።

አላበቡም። መጀመሪያ ቅጠሉ ከታች ቢጫ ሆነ። ውሃ ጠማው ብላ ውሃ ጨመረች። ውሃው ሰጋቱራው ውስጥ ተቋጥሮ ቀረ። ቢጫው ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ቅጠሉ ረገፈ። አንድ ቀን የመካከለኛውን፣ አባቷ ከሁሉ አስቀድሞ የተከለውን፣ ደረቁን ቅርንጫፍ ልትቀነጥብ ያዝ ስታደርገው ግንዱ በሞላ ከሥሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ኮሌታው ያጠበቀው ቦታ ጠቁሯል፤ በስብሶ እንደ በሰለ ሙዝ ላልቷል። ከሰጋቱራው ሥር የሻገተ የምድር ቤት ሽታ ወጣ።

ሰፊዋ ግንዱን ይዛ ቆመች። አባቷ ሲተክለው «ይሄኛው ያንቺ ነው» ብሏት ነበር። ምናልባት ውሃውን እንዳትጥለው ለማባበል ብሎ ይሆናል፤ ቢሆንም ብሏታል።

የዚያን ዕለት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ክፍሏ አልተመለሰችም። ትልቁን መቀስ፣ ወፍራም ካፖርት የምትቆርጥበትን፣ ከጠረጴዛው አነሣች። ጸጉር ሠሪዋ እስኪመሽ አትመጣም፤ ወንድሟም ሥራ ላይ ነው። ሦስቱንም ከሥራቸው፣ አለች በልቧ። ወዲህ ካልበቀለ ወዲያ ለምን ይበቅላል? የአጥሩን በር እንዳይጮኽ ቀና አድርጋ ከፍታ ተሻገረች።

እናቷ ወንበሯ ላይ፣ ትራሷ ከወገቧ በስተኋላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሸልባለች። ሰፊዋ በጣቷ ጫፍ አለፈቻትና ከመካከለኛው ጽጌረዳ ሥር ተንበረከከች። ግንዱን ለማግኘት ቅርንጫፎቹን ገለጥ አደረገች። መቀሱን አስጠጋች።

አስጠግታ ቀረች።

ግንዱ ራቁቱን ነው። ዙሪያውን መዳፍ የሚያህል ቦታ ባዶ ተትቶለታል፤ አየር ይገባዋል፤ ደረቅና ጤነኛ ነው። ቡናማው ነገር ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ሳይጠቀጠቅ፣ እንዲሁ እንደ ወደቀ። ሰፊዋ ሳታስበው ጣቷን ሰደደች። ላይኛው ደረቅ የዛፍ ቅጠል ነው። ከሥሩ ያለው ቅጠል ተበሳስቷል፤ ከዚያ በታች ያለው ጠቁሮ፣ ከበሰበሰ ፍግ ጋር አንድ ሆኖ፣ ቅጠልነቱን ረስቷል። ከዚያ በታች ዋልካው። ያው ዋልካ ነው፤ ግን በጣቷ መካከል እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ፈረሰላት። ቀዝቀዝ ያለ ነው። አንድ ትል ተቆጥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ በገባበት ቀዳዳ ቀረ። ዶማ የነካው ነገር የለም። ቆፋሪዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ቅጠሉን ከላይ እየጎተቱ ወደ ታች የሚያወርዱት።

አንገት፣ አለች ሰፊዋ። አንገቱን ክፍት ትታዋለች።

ይህን እሷ ነበረች ማወቅ የነበረባት! ልብስ ሲቆረጥ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው አንገት ነው፤ ራስ ያላሳለፈ ልብስ ልብስ አይደለም። ስፌት ስትማር የመጀመሪያውን ቀን የተነገራትን ነገር፣ ጸጉር ሠሪ ሳትማረው አወቀችው። ቅናቷ በዚህ የሚበርድ መስሏት ለቅጽበት ጠበቀች፤ እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት።

«እዚህም መጣሽብኝ?»

ሰፊዋ ዞረች። እናቷ ዓይኗን ገልጣ መቀሱን እያየች ነው።

«እማዬ፣ እኔ…»

«መቀስሽን ይዘሽ እዚህ ድረስ! ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው የምፈታው? ዩኒፎርም ነው? ካፖርት ነው?»

«ምን?»

«ስፌቱን ነዋ! አምጪው እንግዲህ። ከተደበቅሁበት ካገኘሽኝ ምን አደርጋለሁ።»

ሰፊዋ መሬት ላይ እንደተንበረከከች ቀረች። «ተደብቀሽ ነው እንዴ እዚህ የምትመጪው?»

«አይ፣ ሰው ለመጠየቅ ነው!» አለች እናትየው። «ቤቱ ባዶ፣ ደጁ ባዶ። ማንን ልጠይቅ?»

«ለጽጌረዳው መስሎኝ።»

«የትኛው ጽጌረዳ? ዓይኔ እኮ ከዚህ ወዲያ ቀይ ነገር መሆኑን እንጂ ምን መሆኑን አይለየውም። ሽታው ደህና ነው፤ አልዋሽም። ግን እዚህ ስቀመጥ ማንም ‹ይቺን ጠርዝ ፍቺልኝ› አይለኝም። ክር የለ፣ ቁልፍ የለ።»

«እኔ እኮ እንዳይደብርሽ ብዬ ነው!»

«ይደብረኝ!» አለች እናትየው፣ ከዘራዋን መሬት ላይ መታ አድርጋ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ አሁን እንኳ ትንሽ ይደብረኝ እንጂ!»

ሰፊዋ መቀሱን በቀስታ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እናቷ መልሳ ዓይኗን ጨፈነች።

ጸጉር ሠሪዋ ሲመሽ ስትመለስ፣ ሰፊዋ በራሷ ግቢ ተንበርክካ ሰጋቱራውን ከቀሩት ሁለት ጽጌረዳዎች ግንድ ላይ በእጇ ስትገፋ አገኘቻት። የተነቀለው አጠገቧ ተጋድሟል። ጸጉር ሠሪዋ በአጥሩ በር ቆመች።

«ውይ፣ እትዬ!»

ሰፊዋ ቀና አላለችም። «ቅጠሉን ከየት ነው የምታመጪው?» አለች። ይህችን ለማለት ሙሉ ክረምት ወስዶባታል።

«ከመንገድ ዳር፣ ጠራጊዎቹ ሲሰበስቡት እለምናቸዋለሁ። ፍጉ ደግሞ በደንብ የበሰበሰው ነው፤ ስስ አድርጌ ከሥር። ይሄ ሰጋቱራ ትኩስ ስለሆነ ሲበሰብስ የአፈሩን ምግብ ይሻማል፤ ለዚያ ነው ቢጫ ያደረጋቸው። ሌላው ደግሞ አንገቱን…»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«አየሁት አልኩሽ!»

ጸጉር ሠሪዋ ጠጋ ብላ የወደቀውን ግንድ ተመለከተች። ትስቃለች ብላ ሰፊዋ ተዘጋጅታ ጠበቀች። አልሳቀችም።

«መካከለኛው ነው። እኔ ጋ ካለው እኮ ቀንበጥ መትከል ይቻላል፤ ያው የአባታችሁ ነው። አሁን እንቁረጥ። መቀስ አለሽ?»

ሰፊዋ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች።

«አለኝ» አለች፤ ከኪሷ አወጣችው።

ዋልካ ቶሎ አይታረቅም። ሰፊዋ ዝናቡ ሲያባራና መሬቱ ሲጠነፍፍ ፍጉን ስስ አድርጋ በተነች፤ በላዩ ቅጠል አለበሰች፤ አንገቱን ተወች። አለመቆፈር ከመቆፈር ይልቅ አደከማት። በየጠዋቱ እየሄደች ጫፉን ገለጥ አድርጋ ልታይ ትፈልጋለች፤ ትሎቹ ሥራ ላይ መሆን አለመሆናቸውን ልትቆጣጠር ትፈልጋለች። እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ትመለሳለች። የበጋው ስንጥቅ ያን ዓመት ጠበበ፤ በሚቀጥለው ጠፋ። ሁለቱ አገገሙ። ቀንበጡ ያዘ፤ ቀይ አበባም አወጣ። አንድ ብቻ። የማዶዎቹ ያን ጊዜ አጥሩን ሊጥሉት ደርሰው ነበር፤ የዳቦ ቤቷም ሴትዮ እንደ ወትሮዋ እነሱን እያየች «ውይ!» ትላለች፤ ሰፊዋም እንደ ወትሮዋ አንጀቷ ይቃጠላል። ሜትሩን ግን ላላ ታደርግላታለች።

ወንበሩን ከራሷ ጽጌረዳዎች ፊት አውጥታ ትታዋለች። ዘንቢል አላስቀመጠችም። «እዚህ ተቀመጪ» ብላም አልጠራችም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አቁማ ታዳምጣለች፤ በየቀኑም ማጠፊያው ይጮኻል።

አንድ ቀን በሩ ሲጢጥ አለ። ከዘራው ቋ፣ ቋ አለ። ሲሚንቶው አለቀ፤ አፈሩ ጀመረ። ሰፊዋ ማጠፊያውን ጠበቀች። ዝም። ብድግ ብላ በመስኮት አየች። እናቷ ትራሷን ከኋላዋ አመቻችታ፣ ባዶ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ መፈታት ያለበት ዩኒፎርም ተከምሯል፤ ነገ ይፈለጋል። «እማ…» የሚለው ቃል ከሰፊዋ አፍ ሊወጣ ደረሰ። እጇን ዘርግታ ከእስፒል ሣጥኑ ዘገነችና አንድ በአንድ ከንፈሯ መካከል ሰካቻቸው፤ ለሥራው ከሚያስፈልጋት በላይ፣ አፏ እስኪሞላ። ከዚያ ተቀምጣ ጠርዙን ራሷ ትፈታ ጀመር።